ለሽርሽር ነው የምመጣው

የውብዳር ቪየና የምትሄደው ለሽርሽር መሆኑን ያመኗት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ፈረንጅ ናቸው። በሲያትል ዙሪያ፣ ከፌደራል ዌይ እስከ ሾርላይን የሚያውቃት ሐበሻ በሙሉ ወሬውን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማን ሞቶ ነው?" ይላታል።

ማንም አልሞተም። ይህንን ቃል በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተናገረችው እግዜር ይወቀው። ለምትሠራበት ኤጀንሲ ፈቃድ ስትጠይቅ እንኳ፣ ቅጹን የያዘችው ልጅ "ፋሚሊ ኢመርጀንሲ" የሚለው ላይ ቀድማ ምልክት አድርጋ ነው የጠበቀቻት። ልጅቷ ላይም አይፈረድም። የውብዳር አሮጊትና ሽማግሌ ስትንከባከብ ባሳለፈችው አሥራ ስድስት ዓመት ረጅም ፈቃድ የወሰደችው አራት ጊዜ ነው፤ ሁለቴ ለለቅሶ፣ አንዴ እናቷ ሲታመሙ፣ አንዴ ለወንድሟ ሠርግ። አራቱንም ጊዜ የሰው ዕቃ የታጨቀባቸው ሁለት ሻንጣዎች እየጎተተች ሄዳ፣ ባዶ ሻንጣና የወገብ ሕመም ይዛ ተመለሰች። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማንም የማይጠብቃት አገር ሄዳ አታውቅም።

ሐሳቡን ያመጡት የምትንከባከባቸው አሮጊት ናቸው። ሚስ ኤለን ይባላሉ፤ ዌስት ሲያትል ውስጥ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ አብረው ቪየና ይሄዱ ነበር። "ቅጠሉ ረግፎ ካለቀ በኋላ፣ የገና ገበያው ሳይከፈት" ይላሉ። ያን ጊዜ የበጋው ቱሪስት አገሩ ገብቷል፣ የገናው ገና አልመጣም፤ ሙዚየሙ ጭር ያለ ነው፣ ሆቴሉ ዋጋውን ይቀንሳል። ቡና ቤት ገብተሽ አንድ ስኒ ካዘዝሽ ቀኑን ሙሉ ብትቀመጪ ማንም ተነሺ አይልሽም ብለው ሲነግሯት፣ የውብዳር የምታጥፈውን ፎጣ እንደያዘች ቀረች። ማንም ተነሺ የማይላት ቦታ በዚህ ዓለም ላይ መኖሩን ከዚያ በፊት የነገራት ሰው አልነበረም። ሚስ ኤለን በሚንቀጠቀጥ እጃቸው የሚታዩትን ነገሮች በወረቀት ጻፉላት፤ የሥዕሉን አዳራሽ፣ መሀል ከተማውን የሚዞረውን ትራም፣ የቡና ቤቱን ስምና የመስኮቱን ጠረጴዛ ሳይቀር።

እንዲህ ያለ ዕረፍት ለምን እንዳስፈለጋት ለማወቅ ሌላውን ሥራዋን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ደሞዝ የሌለውን። አገር ቤት ሰው ሲሞት ሲያትል ላለው ዘመዱ በስልክ አይነገርም። እድሩ ቀድሞ ይሰማል፣ ሦስት አራት ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ በሩ ይንኳኳል። በሩን የምታንኳኳው የውብዳር ናት። "እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል" የምትለውም እሷው ናት። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሰው ጎድሎ ተገኘች፤ ድምፅሽ ያረጋጋል ተባለች፤ በዚያው ቀረች። ዘንድሮ ብቻ ዘጠኝ በር አንኳኩታለች። ከእያንዳንዱ በር በኋላ መኪናዋን አስነስታ፣ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ከሠራተኛው ሁሉ ጋር ተሰልፋ፣ ሰዓቷ ሳያልፍ ሚስ ኤለንን ልታጥብ ትሄዳለች።

አሁን አሁን ሰው እሷን ሲያይ መደንገጥ ጀምሯል። ባለፈው ነሐሴ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ኬንት ውስጥ አንድ የሐበሻ መደብር ደጃፍ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ፣ ዘካሪያስ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አይቷት የያዘውን የእንቁላል ካርቶን ለቀቀው። "እናቴ ናት?" አላት፣ እንቁላሉ ጫማው ላይ እየፈሰሰ። እሷ የሄደችው በርበሬ ልትገዛ ነበር። በርበሬውን ሳትገዛ ቤቷ ገባችና ልጇን ሃሴትን፣ "ያንን የቪየናውን ቲኬት አሁኑኑ ቡክ አድርጊልኝ" አለቻት። የፈለገችው ይኸው ብቻ ነው፤ አምስት ቀን የማንንም በር ሳታንኳኳ መዋል።

ይህንን ለጋሽ ገመዳ፣ ለእድሩ ሰብሳቢ፣ ለማስረዳት ሞክራ ነበር።

"ጋሽ ገመዳ፣ ከሐሙስ ጀምሮ አምስት ቀን አልኖርም። ሰው ቢያስፈልግዎ ለሚሪያም ኮል ያድርጉላት።"

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ቪየና።"

"ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም አልሞተም። ለቫኬሽን ነው።"

"በኖቬምበር? ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ጋሽ ገመዳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "እሺ ልጄ፤ ምስጢር ከሆነ አልጫንሽም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለብቻዋ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታጉረመርም ቆየች። ሰው ሲሞት ታምኖ፣ ሰው ለዕረፍት ሲሄድ የማይታመንበት ምን ዓይነት ጉድ ነው?

ሐሙስ ልትበር ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሚስ ኤለን ቁርስና መድኃኒታቸውን ሰጥታ ስታበቃ፣ አንድ የቀራትን ነገር ልትጨርስ ስልኳን ይዛ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባች። ቪየና ውስጥ አበዛሽ አለች። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ በአንድ አጥር ተለያይተው ነው ያደጉት፤ አጥሩም ቢሆን ከወንፊት የማይሻል ነበር። የአበዛሽ እናት እትዬ ወርቅዬ ከሰባት ልጆቻቸው ጋር ስምንተኛ አድርገው አጉርሰዋታል፣ ሲያጠፉም ስምንቱንም እኩል ገርፈዋል። አበዛሽ ቪየና ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሆቴል ታጸዳለች፣ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ከአገር ሰውም እምብዛም ናት።

የውብዳር አበዛሽን ትወዳታለች። ችግሩም እሱ ነው። ከነገረቻት ሆቴሉ ይቀራል፣ ምግብ ይሠራል፣ ቀኑ በሙሉ በወሬ ያልቃል፤ የሚስ ኤለን የመስኮት ጠረጴዛ ሕልም ሆኖ ይቀራል። ካልነገረቻት ደግሞ ነውሩ አያድርስ ነው። ሁለት ወር ስታመነታ ቆይታ፣ አንድ ራት ብቻ አብሬያት እበላለሁ ብላ ወሰነች፤ ደወለች።

"አቤዙ፣ ዓርብ ማታ ቪየና ነኝ።"

አበዛሽ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ቆመ።

"ለምን?"

"ለሽርሽር ነው የምመጣው።"

"ለሽርሽር።"

"አዎ፣ አምስት ቀን።"

"በጋውን ሙሉ ነይ ነይ ስልሽ ሥራ፣ ሥራ ስትዪኝ ከርመሽ አሁን በብርዱ? እዚህ እኮ ምሳ በልተሽ ቀና ስትዪ ጨልሟል። ምን ልታዪ?"

"ሰው ስለሌለ ነው የመረጥኩት። የገናው ግርግር ሳይመጣ—"

"የውቤ።"

"ወዬ።"

"የሲያትልን ሰው ሁሉ የምታረጂው አንቺ ነሽ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። መጀመሪያ ቁጭ በሉ ትያቸዋለሽ አይደል?" የአበዛሽ ድምፅ ቀጠነ። "ይኸው ቁጭ ብያለሁ። ንገሪኝ። እማዬ ናት አይደል?"

የውብዳር ግንባሯን የማጠቢያ ማሽኑ ላይ ደገፍ አደረገች። "አበዛሽ፣ ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ለምን ድምፅዋን አያሰሙኝም? ደሴ በደወልኩ ቁጥር ሉቃስ ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አትሰማም ይለኛል።"

"ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው! ጆሮ ይደክማል! እኔ እዚህ የማጥባቸው ሴትዮ ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን እያንቀጠቀጠው አይሰሙም።"

"ስትቆጪ ደግሞ ይብስ አስፈራሽኝ።"

"ሃሴት ትሙት እልሻለሁ። የወለድኳት ልጄ ትሙት፣ እናትሽ ደህና ናቸው። እኔ ደክሞኝ ነው። ዕረፍት ነው። ሰው ያርፋል እኮ፣ አበዛሽ፣ ሰው አያርፍም?"

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

በሚቀጥለው አርባ ደቂቃ የውብዳር አንድ አንሶላ እንኳ አላጠፈችም። መጀመሪያ የአበዛሽ መልእክት ገባ፤ "ሆቴሉን ሰርዢው፤ ለቅሶ መጥተሽ ሆቴል አታድሪም" ይላል። ቀጥሎ ኬንት የሚኖረው የአበዛሽ የአክስት ልጅ አብዮት ደወለ። "እትዬ የውብዳር፣ ሶ ዘመዴን ልታረጂልኝ እየሄድሽ እኔ የማልሰማው ምን አድርጌ ነው?" አለ። ማንም አልሞተም ስትለው፣ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ገባኝ" አለና ሳይገባው ዘጋ። ከዚያ ጋሽ ገመዳ መጡ፤ አብዮት ነግሯቸዋል።

"የውብዳር፣ ሰባት ዓመት አብረን በሰው ደጅ ቆመናል። መርዶ ያለ እድር? ብቻሽን? እኔ ምን በደልኩሽ?"

"ጋሽ ገመዳ፣ እርስዎ እንኳ ይመኑኝ እንጂ። መርዶ የለም። ሙዚየም ላይ ነኝ፣ ሥዕል ላይ ነኝ፣ ትራም ላይ ነኝ!"

"አትጩሂ ልጄ። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል።"

ደሟ ፈላ። ይህን ስልክ አንስታ ከባሕሩ ብትወረውረው ደስ ባላት ነበር። ለሃሴት ደወለችና ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ቲኬቱንም ሰርዢልኝ፣ ይቅርብኝ፣ ለእኔ ሽርሽር አይሆንልኝም አለች።

"ማሚ፣ ሪፈንድ የለውም" አለች ሃሴት። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እየሄደች ስለነበር ትንፋሿ ይቆራረጣል። "ደግሞ ዊ አር ኦቨርቲንኪንግ ዚስ፤ ቀላል ነው እኮ። ሴትየዋ አላይቭ ናቸው አይደል? ጀስት ኮል ዜም። ድምፃቸውን ሪከርድ አድርጊና ላኪላት። ዳን።"

የውብዳር ቀጥ ብላ ቆመች። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እንዴት ሳይታያት ቀረ? ደሴ አሁን ምሽት ነው፤ እትዬ ወርቅዬ ራታቸውን በልተው አልተኙም። በአንድ ቃል፣ "አበዛሽ፣ ደህና ነኝ" በምትል አንዲት ቃል፣ አገሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ እያለች የሉቃስን ቁጥር ነካች። ሉቃስ የአበዛሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ የውብዳርም ልጅ ሳለ በጀርባዋ አዝላዋለች።

"ሉቄ፣ ሰላምታውን ለነገ እናቆየው። እትዬ ወርቅዬን በስልኩ አቅርብልኝ። ጆሯቸው ባይሰማም ግድ የለም፣ እሳቸው አንድ ቃል ይናገሩ። እኅትህ ሞተዋል ብላ አሳብዳኛለች።"

ሉቃስ አልመለሰም። ከኋላው የወንበር መጎተት ይሰማል፤ ብዙ ወንበር።

"ሉቄ?"

"እታለም" አለ ሉቃስ። "ማን ነገረሽ?"

የውብዳር ይህንን ዝምታ ታውቀዋለች። ከዘጠኙም በሮች ኋላ ሰምታዋለች፤ ብቻ ሁልጊዜ የምትቆመው በወዲያኛው በኩል ነበር።

"መቼ?" አለች።

"ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው። አልተኛችም፣ አልታመመችም፤ ፀሐይ እየሞቀች ነው። ትናንት አርባዋን አወጣን፤ አሁን የድንኳኑን ወንበር እየመለስን ነው። ለአበዛሽ የሚነግርልን ሰው ስንፈልግ ነው የከረምነው። ቪየና ማንን እናውቃለን? ብቻዋን ናት፣ በስልክ እንዴት እንንገራት? በየቀኑ ስዋሽላት..." ድምፁ ተሰበረ። "ልትሄጂላት ነው? ዓርብ ነው የምትደርሺው? እግዜር ነው እታለም አንቺን ያስነሳልን።"

"እግዜር አይደለም ያስነሳኝ!" አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "እኔ ልጠጣ ነበር የምሄደው፣ ቡና ልጠጣ! ሃሴት ትሙት ብዬ ማልኩላት፣ ሉቃስ። ዛሬ ጠዋት በልጄ ማልኩላት!"

"እኛ ምን እናውቃለን፣ እታለም።"

"አርባ ቀን ሙሉ ለእኔስ? ለእኔ የሚነግረኝ አጣችሁ?"

ሉቃስ ያለቅሳል። "በስልክ እንዳትነግሪያት ብቻ። በእሷ በእማዬ አፅም።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የውብዳር ማሽኑ ሲዞር እያየች ቆመች። የሚስ ኤለን ሰማያዊ ካፖርት ከመስታወቱ ጀርባ ይገለባበጣል። ለሰው ሁሉ መጀመሪያ ቁጭ በሉ ስትል የኖረች ሴት ቆማ ነው የተረዳችው፤ ትከሻዋን የያዘ የለ፣ ውሃ ያቀረበላት የለ። እትዬ ወርቅዬ ሳይሰለቹ ያጎረሷት እጅ ትዝ አላት፤ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ የድንብላል ሽታ ነበራቸው። ራሷን በራሷ፣ "እስቲ ቁጭ በይ" ብላ የልብስ ቅርጫቱን ገልብጣ ተቀመጠችበት። አለቀሰች። በኋላም እንደገና ተናደደች፤ በሉቃስ፣ በአርባ ቀኑ፣ በጋሽ ገመዳ፣ ከሁሉ በላይ ግን በራሷ፤ ምክንያቱም ከለቅሶዋ ሥር አንዲት ክፉ ሐሳብ፣ ያቺ የመስኮት ጠረጴዛ ቀረች እኮ የምትል ሐሳብ፣ አልጠፋ አለቻት።

"ዩቢ?" አሉ ሚስ ኤለን ከሳሎን። ስሟን ከዚህ በላይ መጥራት አይሆንላቸውም። "ዝርዝሩን ሻንጣ ውስጥ ከተትሽው?"

"ከትቼዋለሁ" አለች፣ አፍንጫዋን በሚታጠፈው ፎጣ እየጠረገች።

መቅረት አትችልም። አሁን ብትቀር አበዛሽ ወዲያው ታውቃለች፤ ጭር ባለ የሆቴል ኮሪደር ላይ፣ የቆሻሻ ጋሪዋን እንደያዘች ታውቃለች። መሄድ አለባት፤ ብቻዋን ደግሞ አይሆንም። ለጋሽ ገመዳ ጻፈችላቸው። "ቪየና እድር ወይም ቤተ ክርስቲያን ካለ ለቅዳሜ ጠዋት ሁለት ትልልቅ ሰው ይፈልጉልኝ። የአበዛሽ እናት ናቸው።"

መልሱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። "ነፍስ ይማር። እኔ አላልኩም ነበር? አሁኑኑ አፈላልጋለሁ።"

መልእክቱን አንብባ ሳትጨርስ ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። አበዛሽ ናት። የውብዳር ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አንድ ጊዜ ተነፈሰች፤ አነሳች።

"የውቤ፣ አንዴ ብቻ እውነቱን ንገሪኝና ሁለተኛ አልጠይቅሽም" አለች አበዛሽ። አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቷል። "ለምንድን ነው የምትመጪው?"

"ለሽርሽር ነው የምመጣው" አለች የውብዳር።

ያንኑ ቃል ነው የደገመችው፤ ፊደል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ግን የወጣው በዚያ በሌላው ድምፅ ነው፤ ረጋ ባለው፣ ለስለስ ባለው፣ በዘጠኝ በር በተፈተነው ድምፅ።

"ሃሴት ትሙት በይኝ።"

"ምዬልሻለሁ እኮ አቤዙ። ቅድም ምዬልሻለሁ።"

ከአበዛሽ አፍ ሳቅና ለቅሶ የተቀላቀለበት ነገር ወጣ። "ወይኔ ሞኟ! ይቅር በይኝ እኅቴ። ቅድም ስትጮኺብኝ እኮ ነው የፈራሁት፤ አሁን ድምፅሽ ሰላም ነው። ከንቱ ሴት ነኝ፤ ሳለቅስ ያየችኝ አለቃዬ ሁለት ቀን ዕረፍት ሰጠችኝ። በለቅሶ ያገኘሁትን ዕረፍት አብረን እንዝናናበታለን።"

"እሺ።"

"ምን ምን ልታዪ ነው የምትፈልጊው?"

የውብዳር ወረቀቱን ከኪሷ አወጣችና አነበበችላት። የሥዕሉን አዳራሽ፣ ትራሙን፣ ቡና ቤቱን። የመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች፤ ከዚያ እሱንም አነበበችው።

"አሥራ አራት ዓመት ኖሬ አንዱንም አላየሁም" አለች አበዛሽ። "በውጭ በኩል አልፋለሁ እንጂ አልገባም። ብቻዬን ምን አባቴ አደርጋለሁ ብዬ። እማዬ ስደውል ሁልጊዜ፣ 'ያለሽበት አገር ምን ይመስላል?' ትለኛለች፤ የማወራላት ጠፍቶኝ ስለ ብርዱ ብቻ ነው የምነግራት። አሁን ፎቶ አንስተን ለሉቃስ እንልካለን፣ እሱ ያሳያታል። ዓይኗ ደህና ነው፣ ጆሮዋ ነው እንጂ።"

"እናነሳለን።"

"ዓርብ ማታ ደክሞሽ ነው የምትገቢው፣ ሆቴልሽ እደሪ። ቅዳሜ ግን በማለዳ ነይልኝ፣ ገና ጎህ ሲቀድ። ቁርስ በልተን ሰው ሳይነሳ እንወጣለን። ደወሉ ተበላሽቷል፤ ዝም ብለሽ በሩን አንኳኪ።"

"እሺ" አለች የውብዳር።